የሹፌር ጣሰው ብብት

ሹፌር ጣሰው ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ነጭ ካናቴራ ለብሷል፣ ሽርጥ አገልድሟል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጓል። ፊቱ ከጅቡቲ እስከ አዋሽ አንዱንም ኬላ ሳይጨቃጨቅ ያላለፈ ሰው ፊት ነው። ክንዱ ከትከሻው ይዞራል፣ ክርኑ ይታጠፋል፣ አንጓው ይንቀሳቀሳል፤ ቁጭ በል ሲሉትም ጉልበቱ ያለ ክርክር እሺ ይላል። የሠራችው ሎዛ ናት፤ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጅ፣ በዲግሪዋ አካውንታንት፣ በሥራዋ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ በልቧ ግን የቻይና አሻንጉሊት ፈታትታ የአገሯን ሰው የምትሠራ የፊገር ባለሙያ።

«ፊገር ነው እንጂ አሻንጉሊት አይደለም» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

እናቷ እትዬ ባይሽ ደግሞ «እሺ፣ ፊገሩን ከሽሮዬ አጠገብ አንሺልኝ» ይላሉ።

አምና ሰመራ ላይ በተደረገው የፈጠራ ሥራዎች ኤግዚቢሽን ሎዛ የጣሰውን ቀኝ እጅ ወደ ፊት ዘርግታ አቆመችው። ጨዋ እንዲመስል ብላ ነው። በዚያ አገር ግን የተዘረጋ እጅ ታይቶ አይታለፍም። ሰውና ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ማን አገባ፣ ማን ታመመ ሳይባባል አይላቀቅም። እናም የዕለቱ የክብር እንግዳ ፈገግ ብለው ጎንበስ አሉና የጣሰውን እጅ በሁለት ጣታቸው ጨብጠው ከልባቸው ነቀነቁት።

ክንዱ ወደ ላይ ተነሣ። ከትከሻው ሥር የነበረው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ የእንግዳው ነጭ እጅጌ ላይ ዐረፈ። መላ ሰውነቱ ጠይም የሆነው ጣሰው፣ ብብቱ ብቻ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ በሕዝብ ፊት ተጋለጠ። ፎቶው እንግዳው ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ቴሌግራም ላይ ወጣ። አንዱ ተንኮለኛ የብብት ሽቶ ማስታወቂያ አደረገው። ሎዛ አዋሽ ስትመለስ «ሎዛ ብብት» የሚል ስም ቀድሟት ገብቶ ነበር። አንድ ሰሞን መናኸሪያ ውስጥ ባለፈች ቁጥር ረዳቶቹ ክንዳቸውን እያነሡ ሰላምታ ይሰጧት ነበር።

ቢሆንም ዘንድሮም ተመዘገበች። ምክንያቱም የዘንድሮው ሽልማት ዋንጫ አይደለም፤ ክፍል ነው። አሸናፊው በመጣበት ከተማ ውስጥ የራሱ መሥሪያ ክፍል ይሰጠዋል። ሎዛ ደግሞ ከእናቷ ማድቤት ሌላ መሥሪያ አልነበራትም። ማድቤቱም ቢሆን በዕርቅ ሳይሆን በተኩስ አቁም ነበር የሚኖረው። ያ ተኩስ አቁም የፈረሰው በፋሲካ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ዶሮውን ቀምሶ «እትዬ ባይሽ፣ ይሄ ቅመም ምን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ።

ቅመሙ ቲነር ይባላል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ እትዬ ባይሽ እንግዳው ሲሄድ፤ «ቲነርሽና ወጤ ከእንግዲህ በአንድ ማድቤት አያድሩም። ከሰመራ ወይ ክፍል ይዘሽ ነይ፣ ወይ ይሄን ሁሉ እግርና እጅ ጠርገሽ ለመዋዕለ ሕፃናት ስጪ።»

«ከሰጠሁ ሁለተኛ አልሠራም ማለት ነው እኮ እማዬ።»

«እኔ ምን አልኩ ታዲያ?»

የአዋሽን ልዑካን የሚመራው ጉልላት ይባላል። ሲናገር «ከመርህ አንጻር» ሳይል ውኃ እንኳ የማይጠይቅ ሰው ነው። ለአምናው እጅጌ ዓመቱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ የከረመው እሱ ነበር።

«ሎዛዬ» አላት ከመንገዱ በፊት፤ «ከመርህ አንጻር ዘንድሮ እጁን አትዘርጊው። ኪሱ ውስጥ ይክተተው።»

«ሽርጥ ኪስ የለውም አቶ ጉልላት።»

«ወደ ኋላ ያጣምረዋ!»

«የተያዘ ይመስላል። የታሰረ ሹፌር ይዘን እንግባ?»

ጉልላት ትንሽ አሰበና የታሰረ ሹፌር በከተማው ገጽታ ላይ የሚያመጣውን መዘዝ አይቶ ሐሳቡን ተወው። ቀጥሎ «ቀለሙ ከለቀቀስ?» አለ።

«ከለቀቀ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼው እሄዳለሁ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ይዤ አታዩኝም።»

እንዲህ ብላ የፎከረችው እርግጠኛ ስለነበረች ነው። የአምናው ጥፋት ምን እንደሆነ ገብቷታል። የመኪና ቀለም በወፍራሙ ቀብታ ነበር፤ መገጣጠሚያው ሲዞር ደግሞ ሁለት ፕላስቲክ እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ መሐል ላይ የተገኘ ቀለም እንደ ገላጋይ ዱላውን ሁሉ ይቀምሳል። ስለዚህ ዘንድሮ ጣሰውን በፈላ ውኃ አለስልሳ ትከሻውን፣ ክርኑንና አንጓውን ፈታችው። የክንዱን መግቢያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ለቀለሙ ቦታ አበጀችለት። መገጣጠሚያውን የሚይዙትን ነጫጭ ፒኖች በስሱ ቀባች፤ ሲደርቅ ደገመች፣ ሲደርቅ ሠለሰች፤ ላዩን ቫርኒሽ አለበሰችው። ከዚያ ሆቴሉ በር ላይ አቁማው ለምሳ የሚወርደውን የአውቶቡስ መንገደኛ ሁሉ አስጨበጠችው። የድሬዳዋው ጨበጠ፣ የሎጊያው ጨበጠ፣ ሳምቡሳ የበላው በዘይት እጁ ጨበጠ። አንዲት ፍንጣሪ አልተነሣችም።

ልዑካኑ በሚኒባስ ተነሡ። ሎዛ ጣሰውን ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሳጥን አድርጋ እግሯ ሥር አስቀምጣው ነበር። ጉልላት ግን ገና አዋሽ አርባ ሳይደርሱ ዞር ብሎ አየና፣

«እንዴ! የከተማችን ተወካይ እግር ሥር? ወዲህ በይው» ብሎ ዳሽቦርዱ ላይ አቆመው።

የሚኒባሱ ሹፌር ደስ አለው። «ጣሰው፣ ጉድጓድ ስታይ ንገረኝ» እያለ ከሳጥኑ ጋር ጨዋታ ያዘ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሎዛም ሳቀች፤ ጣሰው በፊት መስታወቱ መንገዱን ትክ ብሎ ሲያይ እውነትም ያምርበት ነበር። ገዋኔ አልፈው፣ ሚሌ አልፈው፣ ፀሐይዋም ከፊት ለፊት ሆና እየተቀበለቻቸው ሰመራ እስኪገቡ ድረስ ሳጥኑን ከዚያ ላንሣው ያለ ሰው አልነበረም።

ሎዛ ያረፈችው ኸሊዳ ቤት ነው። ኸሊዳ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ጓደኛዋ ናት፤ አሁን ሰመራ ላይ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ገና ሎዛ ቦርሳዋን ሳታወርድ «እስቲ ሹፌሩን ላግኘው፣ እጁን ልጨብጠው» አለች።

ሎዛ ሳጥኑን ከፈተች። ኸሊዳ የጣሰውን እጅ ይዛ ሰላምታ ስትሰጥ ክንዱ አልተነሣም፤ ጣሰው ራሱ ተነሣ። ሙሉ ሰውነቱ ከእጇ ጋር ተንጠልጥሎ ወጣ።

«በጣም ናፍቄዋለሁ መሰለኝ» አለች ኸሊዳ።

ሎዛ አልሳቀችም። ነጠቀቻትና ትከሻውን በቀስታ ለማዞር ሞከረች። እንቢ። ትንሽ ጫን ስትል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቀለሙ ከነቫርኒሹ እንደ ቃጠሎ ቆዳ ተነሥቶ ነጩ ብብት ብቅ አለ። አዋሽ ላይ ድርቅ ያለው ቀለም ዳሽቦርድ ላይ ተቀቅሎ፣ ለስልሶ፣ ፒኑን ከክንዱ ጋር አጣብቆት ነበር።

ኤግዚቢሽኑ በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሎዛ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ግድግዳውን አየች።

«ሌላ ቀለም ብትቀቢውስ?»

«ነገም እዚሁ ፀሐይ ውስጥ ነው የሚውለው። የፈለግሁትን ብቀባ መሐል ላይ እስካለ ድረስ ይቀቀላል።»

«እጁን አትዘርጊዋ፤ አያስፈልግም።»

«የማይጨብጥ ሹፌር ከሆነማ ሐውልት ነው ኸሊዳ። እንዲያ ከሆነ ሲሚንቶ አቡክቼ እመጣ ነበር።»

ኸሊዳ ውጭ የተሰጣ ልብሷን ልትሰበስብ ወጣች። ስትመለስ አንድ ቀሚስ ዘርግታ ፊቷ ቆመች፤ ጓደኛዋን ለማሳቅ ነው።

«አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ ቀለም ያዋረደሽ። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ኒካህ ብዬ ቡናማ ነክሬው ነበር። እይው እስቲ፣ ወላሂ ሦስቴ ሳይታጠብ ውኃ የጠጣ ሻይ መሰለ። ዚፑ ብቻ ቀረ፤ ይሄ ከይሲ ዚፕ! ልብሱ እንቢ ያለውን ቀለም እሱ ጠጥቶ ቁጭ አለ።»

ሎዛ ከምንጣፉ ተነሣች። ዚፑን ያዘች፤ በጥፍሯ ፋቀችው፤ በምራቅ አሸችው። አልለቀቀም። ቀለሙ ላዩ ላይ አይደለም፤ ውስጡ ነው።

«ይሄ ናይለን ነው አይደል?»

«ናይለን ነው። ለምን?»

ሎዛ የጣሰውን ትከሻ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ዓመት ሙሉ ስትረግማቸው የኖረችው እነዚያ ነጫጭ ፒኖች፣ ቀለም አልይዝም፣ ማጣበቂያም አልቀበልም የሚሉት፣ እነሱም ናይለን ናቸው። ቀለም ተቀብቶባቸው ቆሞ አያውቅም። ግን ተቀብተው እንጂ ተነክረው አያውቁም።

«ኸሊዳ፣ የማቅለሚያው ዱቄት ተርፎሻል?»

«ግማሹ አለ። ደግሞ አሁን ነው የምታለቅሺው ብዬ ስጠብቅ ምን ነካሽ?»

«አቼቶስ?»

ኸሊዳ ቀሚሱን ወረወረችና ሳቀች። አሁን የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ነቅታለች። «አሲድ ትፈልጊያለሽ! ናይለን ቀለም አጥብቆ የሚጠጣው በአሲድ ነዋ! ያ አላህ፣ ሦስት ዓመት ስለዚህ ነገር ሳስተምር አንድም ተማሪ እንዲህ ዓይኑ በርቶ አይቼ አላውቅም።»

መብራት ሄዶ ስለነበር ከሰል አያያዙ። ድስቱን የሞሉት ከቧንቧ ነው፤ የሰመራ ቧንቧ በዚያ ሰዓት ግማሹን የማፍላት ሥራ ሠርቶ ነው የሚልክልህ። ሎዛ ጣሰውን እንደገና ፈታችው። ከፒኖቹ ላይ የቀለሙን ርዝራዥ በቲነር አጥባ አወጣች፤ ናይለኑ ቲነሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ዱቄቱንና አቼቶውን በትኩስ ውኃ በጠበጡ፣ ፒኖቹን ጨመሩ፣ እሳቱን አበረዱ። ሎዛ በሹካ እያወጣች ከጣሰው ክንድ ጋር ታስተያያለች፣ መልሳ ትከታለች።

«በሰለ?»

«ገና ቀይ ነው። ጣሰው ፀሐይ የመታው ሰው ነው፤ ይጥቆር።»

ኸሊዳ ለመግሪብ ተነሥታ ሰግዳ ስትመለስ፣ ሎዛ ፒኖቹን በነጭ ሶፍት ስታሻሽ አገኘቻት። ሶፍቱ ነጭ ነው። በሳሙና አጠበቻቸው፤ አረፋው ነጭ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ትንሽ ፋቀችው፤ ከሥሩም ያው ቡናማ ነው። የሚላጥ ልጣጭ የለም፣ የሚጣበቅ ቅባት የለም። ክንዱ ላይ የነበረውንም ቀለም ከሚፋተግበት ጠርዝ ላይ ፍቃ አነሣችው። ከዚያ ጣሰውን ገጠመችው፤ ክንዱ ቀለል ብሎ ዞረ። ደግማ አዞረችው። ኸሊዳ ተቀበለቻትና እሷም አዞረችው።

«ማሻአላህ» አለች። «ከአክስቴ ልጅ ሙሽራ በላይ አምሮበታል።»

በማግሥቱ ሎዛ ጠረጴዛዋን ስታይ ደሟ ቀዘቀዘ፤ ሰመራ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። በቀኟ በኩል ያለው ጠረጴዛ የቶፊቅ ነው። ቶፊቅ የዚያው የአዋሽ ልዑክ አባል ነው፤ ከኮሮና ወዲህ ከየትኛውም ኤግዚቢሽን ጠፍቶ የማያውቀውን አውቶማቲክ የእጅ መታጠቢያ ይዞ መጥቷል። ማሽኑ እጅ ሲያይ ውኃ ይለቃል። ችግሩ እጁ ከሄደ በኋላም ትዝታው አይለቀውም። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የቶፊቅን ማሽን እየሞከረ፣ ከዚያ እስከ ክርኑ ርሶ፣ ውኃ እያንጠባጠበ ወደ ጣሰው ይመጣል።

«ፎጣ አልያዝክም ቶፊቄ?»

«ሙቀቱ ያደርቃቸዋል ብዬ ነው እኮ። ይቅርታ ሎዛዬ።»

ጉልላት ከጎን ሆኖ ላቡን እየጠረገ «ከመርህ አንጻር፣ እጁን አጥፊው» ብሎ አንሾካሾከ።

ሎዛ የጣሰውን እጅ ዘረጋችው።

መጀመሪያ የመጡት ሐጂ ሰዒድ ናቸው። የአገር ሽማግሌ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ዱላቸውን ለሎዛ አስይዘው የረጠበ እጃቸውን ወደ ጣሰው ሰደዱ። በሁለት ጣት ጨበጡት፤ አልለቀቁትም። ዳጉ ጀመሩ፤ የመንገደኛ ወሬ ሳይሰሙ የት ይሄዳሉ?

«ሰላም ነህ? ከየት ነህ?»

ጣሰው ዝም አለ። ሐጂ ሰዒድ ወደ ሎዛ ቀና አሉ። «አይናገርም እንዴ?»

«ከጅቡቲ ነው ሐጂ» አለች ሎዛ ፈጠን ብላ። «ደክሞት ነው።»

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው። ዲቾቶ ላይ ጎማ ፈንድቶበት አደረ እንጂ።»

«ዲቾቶ!» አሉ ሐጂ፤ እጁን ይበልጥ እየነቀነቁ። «ከብቱስ? ሣሩስ?»

«ሣሩ ደኅና ነው፤ ግመል መንገድ ላይ ተኝታ ጥሩንባ ብነፋ አልነሣ አለችኝ ይላል።»

«የእኔ ትሆናለች» አሉ ሐጂ ሰዒድ፤ ዙሪያቸው የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሐጂም ሳቁና ክንዱን እስከ ላይ አንሥተው ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩት። ሽማግሌው የአምናውን ሰምተው ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ብብቱ ጠይም ነው።»

«አዎ ሐጂ።»

«ቴሌግራሙ ዋሸን ማለት ነዋ» ብለው ጣታቸውን በነጭ ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ። ሽርጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሆነ። ሐጂ ሰዒድ የጨበጡትን ሰው ሳይጨብጥ የሚያልፍ ማን አለ? ወታደር ጨበጠው፣ ነርስ ጨበጠችው። ፍየል ሊሸጥ መጥቶ ድንኳኑ ገበያ የመሰለው ሰውዬ ጨብጦት ዋጋ ጠየቀ። ሁሉም ወሬ ይጠይቃል፣ ሎዛም ትመልሳለች፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ጣሰው ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ያልተከፈለ ውሎ አበልና ከአማቱ ጋር ጠብ ነበረው። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሙቀት የጉልላትን ክራባት ፈትቷል፤ የጣሰውን ትከሻ ግን አላጣበቀውም።

ዳኞቹ ሲመጡ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። የዳኞቹ ሰብሳቢ አቶ ቢሰጥ ነው፤ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ የሆነ መሐንዲስ። ምንም ሳይል ከኪሱ ነጭ ሶፍት አወጣ፣ ውኃ ነከረ፣ የጣሰውን ክንድ አነሣና ብብቱን አሸው። ሶፍቱን ወደ ብርሃን አቀና። ነጭ።

ሌላውን ብብት አሸ። ነጭ።

ክንዱን አንድ ዙር አዞረው። ደገመው። ከዚያ በፍጥነት፣ እንደ ነፋስ ወፍጮ ያሽከረክረው ጀመር። ክርኑን አጠፈ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ አስቀመጠው፣ አስነሣው፣ ለሕዝቡ ሰላምታ አሰጠው። ፊቱ ላይ ያለው ሱቅ ቀስ እያለ ተከፈተ።

«አቶ ቢሰጥ» አለች ሁለተኛዋ ዳኛ፤ «ተራ ይድረሰን እንጂ።»

«ቆይ፣ ምርመራ ላይ ነኝ።»

«ምርመራው ጣሰውን ማስጨፈርን ይጨምራል?»

ቢሰጥ እያፈረ አቀበላት። ወደ ሎዛ ዞሮ «ቀለሙ ለምን አይለቅም?» አለ።

«ቀለም ስላልተቀባ ነው» አለች ሎዛ። «የሚፋተገው ቦታ ላይ ቀለም የለም። ናይለኑን ራሱን ነክሬ አቀለምኩት። ቢፋቅም፣ ቢሞቅም፣ ቢረጥብም የሚነሣ ነገር የለውም።»

ቢሰጥ ራሱን ነቀነቀ። «እኛ የድልድይ መጋጠሚያ ላይ የምናጣውን ነገር አንቺ ብብት ላይ አገኘሽው» አለ፤ ሎዛም ይሄ ሙገሳ ይሁን ሌላ ነገር ሳይገባት ፈገግ አለች።

ማምሻውን ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ መጀመሪያ የተነሣው ጉልላት ነበር። መድረክ ላይም ቀድሟት ወጣ፤ ማይኩን ይዞ ይህ ውጤት ከመርህ አንጻር የአመራሩ ቅርብ ክትትል ፍሬ መሆኑን፣ ፊገሩም በመጓጓዣ ወቅት በልዩ ጥንቃቄ ከፊት እንዲቀመጥ መደረጉን ተናገረ። ሎዛ አፏን ልትከፍት ስትል ከሕዝቡ መሐል ኸሊዳ ጮኸች፤

«ማይኩን ለባለቤቷ ስጡ!»

ሕዝቡም ተቀበለ። «ለባለቤቷ! ለባለቤቷ!» ሐጂ ሰዒድ ዱላቸውን አነሡ። ቶፊቅ የረጠቡ እጆቹን እያጨበጨበ ፊት ያለውን ሰው ሁሉ አረጠበ። ሎዛ ማይኩን ስትቀበል የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤

«ሎዛ ብብት እባላለሁ። ክፍሌን ስጡኝ።»

ጭብጨባው ከድንኳኑ አልፎ አስፋልት ወጣ፤ መንገድ ላይ የቆሙ ተሳቢዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጥሩንባ ነፉ።

የተሰጣት ክፍል ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለ የድሮ ዕቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው የድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ። በሩን የከፈተችው እሑድ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የወጡት ፍየሎች ናቸው፤ አንድ በአንድ፣ ማን ነች የረበሸችን በሚል ዓይን እያዩዋት። እትዬ ባይሽ መጥረጊያ ይዘው ተከትለው ገቡ፤ ጥግ ጥጉን አሸተቱ፤

«ፍየል ፍየል ይላል» አሉ።

«ነገ ቲነር ቲነር ይላል እማዬ።»

«ይበል። ያንቺ ቤት ነው፤ የፈለገውን ይበል» ብለው መጥረግ ጀመሩ።

ጠረጴዛው ገብቶ ሳያልቅ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ አማን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ ከጣቢያው ሰፈር ቤታቸው ምርኩዛቸውን ይዘው የመጡ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ አንዱ ሳጥን ላይ ተቀመጡ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«ሎዛ፣ መገጣጠሚያ ትሠራለች ሲሉ ሰማሁ። እስቲ ይሄን እይልኝ። ሲታጠፍ ይጮኻል፣ ሲዘረጋ ይጮኻል።»

ሎዛ ተንበርክካ ጉልበታቸውን በጥሞና መረመረች። «ይሠራል ጋሼ። ግን መጀመሪያ በፈላ ውኃ አለስልሼ ነው የምፈታው።»

ጋሽ አማን ሱሪያቸውን ቶሎ መለሱ። «እንግዲያው ይጩኽ» አሉ፤ ግን ከሳጥኑ ላይ አልተነሡም። ሎዛ መስኮቱን ከፈተች፣ ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ አዲስ የቻይና አሻንጉሊት አወጣችና ክንዱን መፍታት ጀመረች።